የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፍሎራይድን በቀለም ለውጥ መለየት

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ዚርኮኒየምና ስፓድንስ የተባለውን ቀይ ማቅለሚያ በያዘው መፍትሔ ለተማሪዎቼ የፍሎራይድ ምርመራ አሳየሁ። የቧንቧው ውሃ ከጉድጓዱ ውሃ ይበልጥ ቀለሙን አደበዘዘው፤ የቀለም መለኪያ መሣሪያውም 0.9 ሚሊ ግራም በሊትር አነበበ። የቧንቧችን ውሃ ፍሎራይድ በዝቶበታል ማለት ነው?

መልስ፦ መምህር፣ መጀመሪያ የቧንቧ ውሃ የሚታከምበትን ክሎሪን ይጠርጥሩ። 0.9 ትክክል ቢሆን እንኳ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ወሰን በታች ነው። በአገራችን ፍሎራይድ በብዛት የሚገኘው በስምጥ ሸለቆ ነው፤ በወንጂና በዝዋይ አካባቢ ከእሳተ ገሞራ አለት የሚወጣው የከርሰ ምድር ውሃ ካልሲየሙ ትንሽ ስለሆነ ፍሎራይዱ ሳይዘቅጥ ሟሙቶ ይቆያል። ጅማ ከሸለቆው ውጭ ናት። ይህ ብቻውን ማስረጃ ባይሆንም ምርመራውን ለመድገም በቂ ምክንያት ነው።

ፍሎራይድ ዚርኮኒየሙን ከማቅለሚያው ነጥቆ ቀለም የሌለው ውህድ ይሠራል፤ መፍትሔው የሚደበዝዘው በዚህ ነው። ክሎሪን ግን ማቅለሚያውን ራሱን ያነጣዋል፤ መሣሪያው ሁለቱን አይለያቸውም። ለማጣራት ዚርኮኒየም የሌለበት፣ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ የኮመጠጠ ማቅለሚያ በቧንቧው ውሃና በዲስቲልድ (በትነት በተጣራ) ውሃ ላይ እኩል ይጨምሩ። የቧንቧው ከዲስቲልድ ውሃው ይልቅ ከደበዘዘ ጥፋተኛው ክሎሪን ነው። በላቦራቶሪዎች ክሎሪኑን የሚያጠፉት በሶዲየም አርሴናይት ነው፤ መርዝ ስለሆነ ለተማሪ ክፍል አንመክረውም። ውሃውን አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ክፍቱን አሳድረው፣ ክሎሪኑ መውጣቱን በክሎሪን መመርመሪያ ያረጋግጡ። አያፍሉት፤ ውሃው ሲተን የቀረው ፍሎራይድ ይከማቻል።

ተቃራኒው ስህተት የባሰ ነው፤ ችግር ያለበትን ውሃ ደህና ያስመስላል። በአሉሚኒየም ሰልፌት የተጣራ ውሃ ውስጥ የቀረ አሉሚኒየም ፍሎራይዱን ይዞ ስለሚያስቀር ንባቡ ዝቅ ይላል። ወዲያው አንብበው ከ15 ደቂቃ በኋላ ይድገሙት፤ ንባቡ በግልጽ ከጨመረ አሉሚኒየም አለ ማለት ነው። 2 ሰዓት ቢቆዩ እስከ 3 ሚሊ ግራም በሊትር የሚደርሰው አሉሚኒየም የሚያመጣው ስህተት ይወገዳል።

አሠራሩን በተመለከተ፣ 10 ሚሊ ሊትር ናሙና ላይ 2 ሚሊ ሊትር መፍትሔ በፒፔት ጨምረው ከ1 ደቂቃ በኋላ በ570 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት ያንብቡ። ቀለሙ የሚመጣው ከመፍትሔው ስለሆነ በልኬቱ ላይ ጠብታ ቢበዛ ወይም ቢያንስ ንባቡ ይዛባል። ናሙናውና ማነጻጸሪያው (የፍሎራይድ መጠኑ የታወቀው መፍትሔ) አንድ ዓይነት ሙቀት ይኑራቸው። ከ1.4 በላይ ሲያነብብ ቁጥሩን አይመኑት፤ ናሙናውን በዲስቲልድ ውሃ አቅጥነው ይለኩና በቀጠነበት ልክ ያባዙ።

ማነጻጸሪያውን ራስዎ ማዘጋጀት ይችላሉ። 2.21 ግራም ሶዲየም ፍሎራይድ በ1 ሊትር ውሃ ሲሟሟ 1000 ሚሊ ግራም በሊትር ፍሎራይድ ይሰጣል (ዱቄቱ መርዝ ነው፣ ይቆለፍበት)። ከዚህ 10 ሚሊ ሊትር ወስደው እስከ 100 ካቀጠኑት 100 ሚሊ ግራም በሊትር ይሆናል። ከዚሁ 1 ሚሊ ሊትር በ100 ሚሊ ሊትር የቧንቧ ውሃ ላይ ሲጨምሩ ንባቡ ወደ 1 ገደማ መጨመር አለበት (ድምሩ ከ1.4 ካለፈ ከላይ እንደተባለው አቅጥነው ይለኩ)። 0.6 ብቻ ከጨመረ ውሃው ውስጥ ፍሎራይዱን የሚደብቅ ነገር አለ። በእኛ አስተያየት ይህን ፈተና ያላለፈ ቁጥር ለማንም መነገር የለበትም።

መሣሪያ ከሌለ ስፓድንስ ለዓይን አስቸጋሪ ነው፤ ቀይ ወደ ሐመር ቀይ ሲሄድ መለየት ይከብዳል። ዚርኮኒየምና አሊዛሪን ከቀይ ወደ ቢጫ ስለሚሄድ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ናሙና በምን ዕቃ ልያዝ?

መልስ፦ በንጹህ የሃይላንድ ፕላስቲክ። በውሃው ራሱ 3 ጊዜ ያለቅልቁት። በሳሙና አይጠቡት፤ ፎስፌት ከቀረበት ንባቡን ከፍ ያደርገዋል። ብርጭቆ ለረጅም ጊዜ ማቆያ አይሆንም።

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። የሠራሁት ሴንሰር (ቀለም በመቀየር ፍሎራይድን የሚጠቁም ሞለኪውል) አሴቶናይትራይል በተባለው ማሟሟቻ ውስጥ ፍሎራይድ ሲነካው ከቢጫ ወደ ሐምራዊ ይለወጣል፤ ውሃ ጠብ ሲል ግን ቀለሙ ይመለሳል። ለምን?

መልስ፦ ሴንሰርሽ ናይትሮጂን ላይ ያለ ሃይድሮጂን ካለው፣ ፍሎራይዱ ያንን ሃይድሮጂን እንደ ፕሮቶን (H⁺) ሲወስድበት ነው ቀለሙ የሚለወጠው። ውሃ ሲገባ ሞለኪውሎቹ ፍሎራይዱን አጥብቀው ይከቡታል፤ ፕሮቶን የመሳብ አቅሙ ይደክምና ሴንሰሩ ፕሮቶኑን መልሶ ያገኛል። ቴትራቡቲልአሞኒየም ሃይድሮክሳይድ የተባለውን ቤዝ ጨምረሽ እይው፤ ያው ሐምራዊ ከመጣ ሴንሰሩ የለየው ቤዝን እንጂ ፍሎራይድን አይደለም። አሴቴትና ዳይሃይድሮጅን ፎስፌትም ሞክሪ። ለውሃ ከፈለግሽው ፍሎራይድን አጥብቆ የሚይዝ ብረታ ብረት (ሜታል) ያስፈልግሻል። ላንታነም ከአሊዛሪን ኮምፕሌክሶን ጋር ጥሩ መነሻ ነው፤ ፍሎራይድ ሲያገኝ ከቀይ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል።