ሦስቱንም ለምትወጂው እህቴ፦ ሳይኮሎጂ፣ ሥነ ጽሑፍና ፖለቲካል ሳይንስ

ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የፍሬሽማን ዓመትሽን ጨርሰሻል፣ ዲፓርትመንት መምረጫው ደርሷል። ሳይኮሎጂን፣ ሥነ ጽሑፍንና ፖለቲካል ሳይንስን እኩል ትወጃለሽ። አንዱን ስታስቢ ሌሎቹ ያሳዝኑሻል። አሜሪካ ያለችው የአክስትሽ ልጅ ሁለት ሜጀር (ዋና የትምህርት መስክ) አንድ ላይ እየተማረች ስለሆነ «እኔስ ድሬዳዋ ሆኜ ሦስቱን አንድ ላይ መማር እችላለሁ ወይ?» ብለሻል። አባትሽ ደግሞ «አንዱን ያዢና እንጀራሽን ፈልጊ» ብለውሻል።

እኔም የድሬ ልጅ ነኝ፣ ሳቢያን ነው ያደግኩት። ሳይኮሎጂ ተምሬ በ2005 ዓ.ም. ተመረቅኩ። አሁን ትምህርት ቤት ውስጥ አማካሪ ሆኜ እሠራለሁ። አንቺ የጠየቅሽው ጥያቄ እኔን ሦስት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትቀየሚኝ።

መጀመሪያ ቁርጡን ልንገርሽ። እኛ አገር በመደበኛው ፕሮግራም የሦስት ዲፓርትመንት ተማሪ መሆን አይቻልም። በውጤትሽና በምርጫሽ አንድ ቦታ ትመደቢያለሽ። ከዚያ በኋላ የምትወስጂያቸው ኮርሶች በአብዛኛው የዚያ ዲፓርትመንት ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ጥያቄው የሚወጣው ከተመደብሽበት ትምህርት ነው፣ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። ስንት ልብ ወለድ እንዳነበብሽ የሳይኮሎጂ መውጫ ፈተና አይጠይቅሽም።

የአክስትሽ ልጅ ነገር ሌላ ነው። አሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት አካባቢ ነው። ሜጀሩ የሚወስደው ከዚያ ውስጥ ሲሶውን ያህል ነው። ከፊሉ የጋራ ኮርስ ነው፣ የቀረውን ተማሪው እንደ ፍላጎቱ ይሞላዋል። ሁለተኛው ሜጀር የሚገባው እዚያ ክፍት ቦታ ላይ ነው። እኛ ጋ ያ ቦታ በጣም ጠባብ ነው። ጊዜውን ራስሽ ከእንቅልፍሽም፣ ከቅዳሜሽም፣ ከክረምትሽም ቆርሰሽ ነው የምታመጪው።

እኔ የምልሽ ይሄ ነው። አንዱን ቤትሽ አድርጊው፣ ሁለቱን ጎረቤት። ጎረቤት ስልሽ ደግሞ እኛ ድሬ የምናውቀውን ጎረቤት ነው። ሳታንኳኪ የምትገቢበትን፣ ሹሮ ሲያልቅ ድስት ይዘሽ የምትሄጂበትን።

ቤትሽ የቱ ይሁን? ብዙ ሰው «በጣም የምትወጂውን» ይልሻል። አንቺ ግን ሦስቱንም እኩል ነው የምትወጂው፣ ስለዚህ ይህ ምክር አይጠቅምሽም። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ብቻሽን ልትማሪው የማትችዪው የቱን ነው? ልብ ወለድ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ታነቢያለሽ። እንዴት እንደሚነበብ የሚያሳይሽ ጥሩ መምህር ካገኘሽ አንድ ሁለት ኮርስ ሩቅ ይወስድሻል። የፖለቲካ ንድፈ ሐሳብም ከተጨቃጫቂ ጓደኞች ጋር ሆነሽ ልታነቢው ትችያለሽ። ስታቲስቲክስን፣ የሥነ ልቦና መለኪያ አዘገጃጀትን፣ የተጨነቀ ሰው ፊት ቁጭ ብሎ ማዳመጥን ግን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው አላየሁም። የሚያርምሽ ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ሳይኮሎጂን ቤት አድርጊ የምለው። ጸሐፊ ወይም የሥነ ጽሑፍ መምህር መሆን የሚፈልግ ሰው ቢጠይቀኝ መልሴ ይለያል። ፍርዱ የኔ ነው፣ ሌላ የሚል ሰው ካለ እሰማለሁ።

አሁን የተሳሳትኩትን ልንገርሽ። ሁለተኛ ዓመት ላይ የሦስቱንም ክፍል ፕሮግራም ገልብጬ አልጋዬ ራስጌ ለጠፍኩ። ጠዋት የራሴን፣ ከሰዓት የሥነ ጽሑፍ፣ ሐሙስና አርብ የፖለቲካል ሳይንስ። መምህራኑን አስፈቅጄ ነበር የምገባው። የሥነ ጽሑፉ መምህር «የሚነበበውን አንብበሽ ከመጣሽ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጪ» አለኝ፣ ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የስታቲስቲክስ ሚድ ፈተና ግን ሌላ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አለፈኝ። ቀኑ መቀየሩን አልሰማሁም ነበር። ያ ኮርስ ላይ ዲ አገኘሁ፣ ጂፒኤዬን (አማካይ ነጥቤን) እስከ ምረቃ ድረስ ወደ ታች ጎተተው። በኋላ ማስተርስ ስፈልግ ተመልሶ መጣብኝ። ስለዚህ እባክሽ፣ በሴሚስተር ከአንድ በላይ የሌላ ዲፓርትመንት ክፍል አትግቢ። አንዱን ከምር ተከታተዪው።

ሦስቱ እንዴት እንደሚገናኙ የገባኝ በፕሮግራም ወረቀት አልነበረም። ከተማችንን የሚያቋርጠው ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው የገባኝ።

የመመረቂያ ጥናቴን የሠራሁት በጎርፉ ላይ ነበር። ታሪኩን ከቤተሰብ ሰምተሽዋል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት፣ ደቻቱ ሞልቶ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ የሆነ ወንዝ ነው እኮ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት። ከስድስት ዓመት በኋላ እኔ መጠይቅ ይዤ ከጎርፉ ወደተረፉ ሰዎች ሄድኩ።

መጠይቁ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ነበር። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ የሐዘን ስሜት ተሰምቶዎታል? በጭራሽ፣ አልፎ አልፎ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ።» አንዲት እናት ቤት ገባሁ። ግቢያቸው ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ። ጥያቄውን አነበብኩላቸው። ቢላዋውን አስቀመጡና አዩኝ። «ልጄ፣ ሐዘን ይቆጠራል እንዴ?» አሉኝ።

እስክሪብቶዬን ይዤ ቀረሁ። ወረቀቱ ላይ ለዚህ መልስ የሚሆን ሳጥን የለም። ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ ስለ አንድ ትሪ ማውራት ጀመሩ። ጎርፉ ከወሰደው ዕቃ ሁሉ በማግስቱ ከአሸዋ ውስጥ ያገኙት እሱን ብቻ ነው። ተነሥተው አመጡልኝ። ጠርዙ ጎብጧል፣ አበባው ተፍቋል። ያን ሌሊት ልጅ እንደሞተባቸው ጎረቤታቸው ነግራኛለች። እሳቸው የልጁን ስም አንድም ጊዜ አልጠሩም። ስለ ትሪው ግን ሃያ ደቂቃ ያህል አወሩኝ። ማን እንደገዛው፣ ለየትኛው በዓል እንደገዛው፣ ማን ምሳውን በሱ ላይ ካልሆነ አልበላም ይል እንደነበር።

ያኔ ኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ስለ ተምሳሌት የሰማሁት ሁሉ መጣልኝ። ሰው በቀጥታ ሊናገረው ያልቻለውን በዕቃ ይናገረዋል። ሥነ ጽሑፍ ባልማር ኖሮ «ተጠያቂዋ ከርዕስ ወጥተዋል» ብዬ እጽፍ ነበር። ሌሎች ተጠያቂዎች ላይ ግን እንደዚያ ብዬ ጽፌባቸዋለሁ፣ እስካሁን ያሳዝነኛል።

ልወጣ ስል ደግሞ «ቀበሌ ነው የላከሽ?» አሉኝ። አይደለም፣ ተማሪ ነኝ አልኳቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ እንጂ አላመኑኝም። «እንግዲህ የቤቱን ነገር እንዳልኩሽ ጻፊልኝ» አሉ። ክው አልኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ሲያናግሩ የነበሩት እኔን አልነበረም፣ መንግሥትን ነበር። የቤት ጥያቄ ያለው ሰው ለቀበሌ የሚሰጠው መልስና ለጎረቤት የሚሰጠው መልስ ይለያያል። የፖለቲካል ሳይንስ ተማሪ ደብተር ይዞ የገባ ሰው በሌላው ዓይን ምን ሆኖ እንደሚታይ ይጠይቃል። እኔ ከቤት ስወጣ ይህን አልጠየቅኩም። ቁጥሮቼ ሁሉ ላይ የዚያ ጥያቄ ጥላ አለ።

ሳይኮሎጂ መጠይቁን ሰጠኝ፣ ሥነ ጽሑፍ ትሪውን አሳየኝ፣ ፖለቲካል ሳይንስ ደግሞ ቀበሌን አስታወሰኝ። አድቫይዘሬን ለምኜ የሰዎቹን ትረካ ለብቻው አንድ ምዕራፍ አደረግኩት። መጀመሪያ ላይ አልወደደውም ነበር፣ አንብቦ ሲጨርስ ግን ዝም ብሎ ፈረመልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰው የደረሰበትን ነገር ለማን ይናገራል፣ ምን ብሎስ ይናገራል? ይህ ጥያቄ የየትኛው ዲፓርትመንት ነው? የሦስቱም። አንቺም እንደዚህ ያለ የራስሽን ጥያቄ ፈልጊ። ሦስት ትምህርት የምትይዢበት ገመድ እሱ ነው። ጥያቄ ከሌለሽ ሦስት ክምር ሃንድአውት ይዘሽ ትቀሪያለሽ።

ከሠፈራችን ሌላ ምሳሌ ልስጥሽ። ድሬ ያደገ ሰው 40-40-20 የሚለውን ቁጥር ሳይሰማ አያድግም። የከተማዋ ሥልጣን ለኦሮሞና ለሶማሌ ወገን አርባ አርባ፣ ለሌላው ሃያ ተብሎ የተከፋፈለበት ቀመር ነው። ሻይ ቤት ውስጥ ስንት ክርክር ሰምተሽበታል። ፖለቲካል ሳይንስ ውስጥ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ሥልጣን መጋራት ይሉታል። አረንድ ላይፕሃርት የሚባል የኔዘርላንድስ ተወላጅ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሰፊው ጽፎበታል። የተከፋፈለ ማኅበረሰብ እንዴት ተስማምቶ ይተዳደራል የሚለው ነው ጥያቄው።

ሳይኮሎጂው ደግሞ ከሌላ በር ይገባል። ሄንሪ ታጅፌል ፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ጦር ውስጥ ሆኖ ተማረከ። ጦርነቱ ሲያበቃ ቤተሰቡ አልቆ ጠበቀው። እሱ በ1970 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው ሙከራ ቀላል ነው። ብሪስቶል ውስጥ የትምህርት ቤት ልጆችን ሰበሰበና ስክሪን ላይ ነጠብጣብ አሳይቶ ስንት እንደሆነ አስገመታቸው። ከዚያ «አንተ አብዝተው ከሚገምቱት ነህ፣ አንተ አሳንሰው ከሚገምቱት» አላቸው። ምድቡ እንዲያውም ከግምታቸው ጋር አይገናኝም፣ በዕጣ ነው። ገንዘብ አካፍሉ ሲባሉ ልጆቹ ለራሳቸው ምድብ አደሉ። የምድባቸው ልጅ ማን እንደሆነ እንኳ አያውቁም። ይህን ሳነብ ልጅ ሆነን ደቻቱን መሐል አድርገን «የከዚራ ልጆች»፣ «የመጋላ ልጆች» ተባብለን ድንጋይ የተወራወርንበት ቀን ትዝ አለኝ። ማታ ግን እዚያው አንድ ዳቦ ቤት ተሰልፈን እንገዛ ነበር።

የታጅፌልን ሙከራ ብቻ የያዘ ሰው ድሬን በነጠብጣብ ሊያስረዳ ይሞክራል። ቀመሩን ብቻ የያዘም ሰዉን ቁጥር ያደርገዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታነቢ ነው ከተማሽን ማየት የምትጀምሪው።

ስለ ልብ ወለድ አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ። ክረምት ላይ ኦሮማይን አንብቢ። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ነው ያሳተመው። ደርግ ኤርትራ ውስጥ ስላካሄደው ቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው፣ በዓሉም ራሱ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱም ከሥራው ተባረረ። በ1976 ዓ.ም. የካቲት ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጸጋዬ ኃይለማርያም የዘመቻውን ፕሮፓጋንዳ የሚመራ ጋዜጠኛ ነው። ሦስት ቀለም እስክሪብቶ ይዘሽ አንብቢው። በአንዱ ሰውየው ለራሱ የሚነግረውን፣ በሁለተኛው ማን ማንን እንደሚያዝ፣ በሦስተኛው ደራሲው ምን ብሎ እንዳስተላለፈው አስምሪ። ሦስቱ ቀለማት አንድ መስመር ላይ የሚደራረቡበት ገጽ ሲያጋጥምሽ ይገባሻል።

ስለ ሥራ አልዋሽሽም። ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው «በሳይኮሎጂ፣ በሶሻል ወርክ ወይም በተመሳሳይ የትምህርት መስክ» ነው። «ሦስቱን ያነበበች» የሚል ማስታወቂያ አይወጣም። ወረቀቱ በር ይከፍታል፣ ሁለቱ ጎረቤቶችሽ የሚጠቅሙሽ ከገባሽ በኋላ ነው። ሪፖርት ስትጽፊ፣ ወላጅ ስታናግሪ፣ ከወረዳ ሰው ጋር ስብሰባ ስትቀመጪ። በሌላ ትምህርት ተጨማሪ ዲግሪ በቅዳሜና እሁድ ፕሮግራም የሚማሩ ብዙ ናቸው፣ እሱም መንገድ ነው። ግን መጀመሪያ አንደኛውን በጥሩ ነጥብ ጨርሺ።

የፍሬሽማን ደብተሮችሽን እንዳትጥዪ። ጀነራል ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክና ግሎባል ትሬንድስ የወሰድሽባቸውን አውጥተሽ አንብቢ። የትኛው ኮርስ ላይ ከታዘዝሽው በላይ እንዳነበብሽ ደብተሩ ይነግርሻል። ጠርዙ ላይ የጫርሻቸው ጥያቄዎች አሉ አይደል? እነሱን ለብቻ ገልብጪያቸው።

አባትሽን በተመለከተ፣ አትጋፈጫቸው። የኔም አባት የባቡር ጡረተኛ ነበር፣ ሥራ እንጂ ወሬ አይወድም። እኔ የረታሁት የመመረቂያ ጥናቴን አንብቤለት ነው። የትሪው ታሪክ ላይ ስደርስ አስቆመኝና «እኚህን ሴት አውቃቸዋለሁ መሰለኝ» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ዲፓርትመንቴ ጠይቆኝ አያውቅም።

ምርጫው የሚዘጋበትን ቀን ጻፊልኝ። ከዚያ በፊት ከሬጅስትራር የሦስቱንም ዲፓርትመንት የኮርስ ዝርዝር ለምነሽ አምጪ፣ ለኢሌክቲቭ (ተማሪው ራሱ ለሚመርጠው ኮርስ) ስንት ቦታ እንዳለ ቆጥረን እናየዋለን።