ለስለት የሚሄድ እግር ጫማ ቢያደርግ በረከቱ ይቀንሳል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከጎንደር አዘዞ ነው። አምና ከሰፈር ልጆች ጋር ለገና ወደ ላሊበላ በእግር ጀምረን ነበር። እኔ አዲስ ሸራ ጫማ አድርጌ ወጣሁ። ማክሰኚት ሳንደርስ ተረከዜ ውሃ ቋጠረ። ቁጭ ብዬ ቫዝሊን ስቀባ አብሮን የነበረ አንድ ወንድም «ለበረከት የወጣ ሰው እግሩን አያሞላቅቅም፤ ዋጋው እኮ ሕመሙ ነው» አለኝ። አፍሬ ዝም አልኩ። እንፍራንዝ ላይ እግሬ አልረግጥ ሲለኝ በመኪና ተመለስኩ። ዘንድሮ እንደገና አስቤያለሁ። እናቴም አብራኝ ልትሄድ ነው። እሷ ስኳር አለባት፤ ስለቷ ደግሞ በባዶ እግር ለመሄድ ነው። እውነት እግርን መንከባከብ በረከት ይቀንሳል? እናቴንስ ምን ልበላት?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ ልጄ። አይቀንስም። መልሱ ይኸው ነው። ግን ነገሩ ማብራሪያ ስለሚፈልግ ትንሽ ታገሺኝ።

ያ ወንድም በክፋት የተናገረ አይመስለኝም። ጉዞው በከበደ ቁጥር በረከቱ ይበዛል የሚል ወሬ ሁላችንም ጆሮ ውስጥ አለ። ድካም ዋጋ የለውም አልልሽም። ቤተ ክርስቲያን ጾምና ስግደት ስታዝ ሥጋ እንደሚደክም አውቃ ነው። ግን ድካሙን መንገዱ ራሱ ይሰጥሻል። ከጎንደር በወረታ፣ በደብረ ታቦርና በጋሸና አድርጎ ላሊበላ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በቀን 25 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ እንኳ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። በዚያ ላይ ሆን ብሎ ቁስል መጨመር ለምን? እኔ እንዲያውም ትዕቢት ይሸተኛል። እግሩ የደማ ሰው ሳይታወቀው እግሩን ማሳየት ይጀምራል። «የኔን ብታዩት!» ይላል። ጸሎቱም እዚያ ላይ ይቆማል።

መዝሙር 90ን ታውቂዋለሽ። «እግርህም በድንጋይ እንዳትሰናከል በእጆቻቸው ያነሡሃል» ይላል። ለመንገደኛ የሚመች ጸሎት ነው። ሰይጣን ጌታን በመቅደስ ጫፍ አቁሞ ራስህን ወርውር ሲለው የጠቀሰውም ይህንኑ ቃል ነው። ጌታም «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» ብሎ መለሰለት። ማቴዎስ 4 ላይ አንብቢው። መልአክ ይጠብቀኛል ብሎ እያየ እሾህ ላይ መርገጥ የዚያ ፈተና ታናሽ ወንድም ነው። ዘዳግም 8፥4 ላይ ደግሞ ሙሴ ለእስራኤል የእግዚአብሔርን ቸርነት ሲቆጥር በ40ው ዓመት የምድረ በዳ ጉዞ እግራቸው እንዳላበጠ ያነሣላቸዋል። እግዚአብሔር የሕዝቡ እግር እንዳያብጥ ከተጠነቀቀ እኛ ለምን እናሳብጠዋለን?

«አባታችን ተክለ ሃይማኖትስ?» ትዪኝ ይሆናል። እግራቸው እስኪሰበር መቆማቸውን፣ ከዚያም 7 ዓመት በአንድ እግር መጸለያቸውን ገድላቸው ይነግረናል። በዓሉንም ጥር 24 እናከብራለን። እሳቸው ግን የቆሙት ሊጸልዩ ነው፤ እግራቸውን ሊሰብሩ ብለው አልቆሙም። ደግሞም እዚያ የደረሱት ከብዙ ዓመት ተጋድሎ በኋላ ነው። እኛ ማክሰኚት ሳንደርስ የእሳቸውን መጨረሻ መጀመሪያችን ማድረግ አንችልም።

ጫማ ማውለቅ የራሱ ቦታ አለው። እግዚአብሔር ሙሴን ጫማህን አውልቅ ያለው የቆመበት ስፍራ የተቀደሰ ስለሆነ ነው፤ ዘጸአት 3፥5። በጎቹን እየነዳ እዚያ እስኪደርስ ድረስ ግን ጫማው እግሩ ላይ ነበር። እናንተም ላሊበላ ስትገቡ 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ደጅ ላይ ታወልቃላችሁ። የታኅሣሥ ጠዋት ድንጋይ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ያኔ ታዪዋለሽ። ቤተ ማርያም ላይ «ቤዛ ኩሉ» ሲዘመር ሰዓታት ትቆሚያለሽ። የምትቆሚበት እግር ሊኖርሽ ይገባል።

አሁን ወደ ጫማሽ እንምጣ። አምና ጉድ የሠራሽ አዲሱ ሸራ ይመስለኛል። ረጅም መንገድ በአዲስ ጫማ አይጀመርም። ዘንድሮ ቀደም ብለሽ ግዢና ገበያም ቅዳሴም እየሄድሽ አለማምጂው። ከሰዓት በኋላ ለክተሽ ግዢ፤ እግር ሲውል ያብጣል፣ ጠዋት የበቃሽ ማታ ያጠብሻል። ከፊት ለጣቶችሽ ቦታ ይኑረው፤ አለዚያ ቁልቁለት ላይ ጥፍርሽን ይመታዋል። ጥፍርሽንም ከመነሻው ጥቂት ቀን ቀደም ብለሽ ቀጥ አድርገሽ ቁረጪ። ጥጉን አትጎርጉሪ፣ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ካልሲ ሦስት ያዢ፤ አንዱን ለብሰሽ፣ አንዱን ቦርሳሽ ላይ አስጥተሽ፣ አንዱን ለማታ። እግር የሚያቆስሉት እርጥበትና መፋተግ ናቸው።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ጸሎት አድርሳችሁ ብትወጡ ፀሐይ ሳይበረታ ብዙ መንገድ ትገፋላችሁ። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም እየሄዳችሁ መድገም ትችላላችሁ፤ እርምጃም ያስተካክላል። ከአዲስ ዘመን ከተማ ወደ ወረታ ሜዳው ይሞቃል። ከአለም በር በኋላ ዳገት ነው፤ ጉና አካባቢ ስትደርሱ ደግሞ ብርዱ ሌላ ነው። በየሰዓቱ ቁጭ በሉ፤ ጫማችሁን አውልቃችሁ ጠጠሩን አራግፉ። አንድ ቦታ ማቃጠል ከጀመረሽ እዚያው ቁሚና ፕላስተር ለጥፊበት። «ቀጣዩ መንደር ስንደርስ» አትበዪ። አምና እንፍራንዝ ላይ ያስቀረሽ ይሉኝታ ነው።

ውሃ ከቋጠረም አታፍርጪው፤ ቆዳው ራሱ ሽፋን ነው። በጣም ተወጥሮ አላስኬድ ካለሽ ግን እጅሽንና ቦታውን በሳሙና ታጠቢ፣ መርፌውን በአልኮል አጽጂ፣ ከጠርዙ ወጋ አድርጊና ውሃውን አፍስሺው። ቆዳውን ሳትልጪ በንጹሕ ፋሻ ሸፍኚው። ዙሪያው ከቀላ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣብሽ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ሚስማር ወይም እሾህ በኃይል ከወጋሽም እንዲሁ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ነገር ቀልድ አይደለም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። በደጋው አገራችን በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው እግሩ የሚያብጥበት በሽታ አለ፤ ዝሆኔ የምንለው። ስንቱ ሰው እርግማን ነው ተብሎ ከሰው ተገልሏል። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብ ነው። ባዶ እግርን ቅድስና አድርገን የምንሰብክ ሰዎች ይህንን ብናስብበት ደስ ይለኛል።

ማታ ሲሆን የእግር ነገር ራሱ አገልግሎት ይሆናል። «የመሸብን የእግዚአብሔር እንግዳ ነን» ስትሉ የጋይንት እናቶች ውሃ አሙቀው ይመጣሉ። አብርሃምም እንግዶቹን እግራችሁን ታጠቡ ብሏቸዋል። ጌታ በስምዖን ቤት «ውኃ ስንኳ ለእግሬ አላቀረብህልኝም» ብሎ ወቅሷል፤ ሉቃስ 7 ላይ አለ። በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የወይራና የወይን ቅጠል ይዘው የምእመናኑን እግር ሲያጥቡ በየዓመቱ ታያለሽ። ላሊበላ ስትደርሱም የአገሩ ሰው እግራችሁን ሊያጥብ ይጠብቃችኋል። ታዲያ እግርን ማጠብ እንዲህ ከከበረ እግርን መቀባት በምን ይረክሳል? ሲያጥቡሽ «እኔ ምን ስለሆንኩ» ብለሽ አትከልክያቸው። ጴጥሮስም ከልክሎ ነበር፤ የተመለሰለትን ታውቂዋለሽ። ከታጠብሽ በኋላ በጣቶችሽ መካከል በደንብ አድርቂ፣ የደረቀ ተረከዝሽን ቅባት አስነኪው፣ እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ። ያ ወንድም ዘንድሮም አብሯችሁ ከወጣ የሱን እግር አንቺ እጠቢለት። ተረከዙ ምን እንደሚመስል ባይ ደስ ይለኝ ነበር።

ጾሙን በአጭሩ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ ስለዚህ ጉዞው በጾም ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ያዙ። እስከ ስንት ሰዓት መጾም፣ ውሃስ መቼ መጠጣት እንዳለብሽ ከመነሳትሽ በፊት ለነፍስ አባትሽ ንገሪያቸው። መንገድ ላይ ወድቆ የሰው ሸክም መሆን ጾሙን አያከብረውም።

እናትሽን በተመለከተ ግን ጠንከር ብዬ ልናገር። ስኳር ሲቆይ የእግርን ስሜት ይቀንሳል። ጠጠር ቢወጋት ላይሰማት ይችላል። የቀትር አስፋልት ቢያቃጥላትም ላታውቀው ትችላለች። ቁስሉ ቶሎ አይድንም፤ ከከፋ እግር እስከ መቆረጥ ያደርሳል። መድኃኒት እየወሰዱ ሳይበሉ ብዙ መራመድም ስኳሩን በአንዴ ዝቅ ያደርገዋል፤ ያኔ ያንቀጠቅጣል፣ ያልባል፣ ይጥላል። ስለዚህ በባዶ እግር መሄዷን እኔ አልደግፍም። «ስለት ነው፣ ካልፈጸምኩ እቀሠፋለሁ» ብላ እንደምትፈራ አውቃለሁ። እግዚአብሔር የተሳለችበትን ልብ ያያል። ስለቱን በሌላ ለመተካት ግን አንቺም እኔም ሥልጣን የለንም፤ የነፍስ አባቷ አሉ። እሳቸው ጋ ይዘሻት ሂጂ፤ መጀመሪያ ግን ሐኪም እግሯን ይይላት፣ ሐኪሙ ያለውንም ለነፍስ አባቷ ንገሯቸው። በመኪና ሄዳ ከተማው መግቢያ ላይ ወርዳ የቀረውን በጫማ ብትሄድ፣ ወይም በእግሩ መንገድ ፈንታ ምጽዋት ብታደርግ፣ ይህን የሚወስኑላት እሳቸው ናቸው። በየትኛውም መንገድ ብትሄድ ማታ ማታ ተረከዟንና የጣቶቿን መካከል አንቺ በዓይንሽ እዪላት። እሷ «ምንም አላመመኝም» ብትልሽም እዪ።

የመንገዱን ሰላምም ከመነሳታችሁ በፊት ከሹፌሮችና ከየአጥቢያው ሰው ጠይቁ። አስተማማኝ ካልሆነ ለዘንድሮ ገናን እዚሁ ጎንደር አስቀድሱ።