ከኦክ ፍሬ ቦንሳይ ማሳደግ ለምትፈልጉ ልጆቼ

ልጆቼ፣ እዚህ ሜሪላንድ ነርሰሪ ውስጥ ችግኝ ሳፈላ ጸጉሬ ሸበተ፣ እና ቦንሳይ (ሳህን በመሰለ ፖት ውስጥ ድንክ አርገው የሚያሳድጉት ዛፍ) የወደዱ ወጣቶች ሲያገኙኝ ቶሎ የሚጠይቁኝ ከኦክ ፍሬ መጀመር ይቻላል ወይ ብለው ነው። ይቻላል፣ ጀምሩ፣ ፍሬው እኮ በየመንገዱ ዳር በነጻ ወድቆላችኋል። አደራ የምላችሁ ግን ከቅጠሉ በፊት ስለ ስሩ አስቡ፣ ይሄን የምለው ተጎድቼበት ነው።

ኦክ አገር ቤት የሚበቅል ዛፍ አይደለም። ግራቪሊያን ፈረንጆቹ ሲልኪ ኦክ ይሉታል እንጂ ዝምድና የላቸውም። የአብርሃምን የመምሬ አድባር ዛፍ ግን ብዙ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱሶች ኦክ ነው የሚሉት፣ እና እኔ መጀመሪያ እዚህ አገር ስመጣ ልቤን የሳበው እሱ ነበር።

ፍሬውን ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ልቀሙ። ቀድሞ የሚረግፈው አብዛኛው ነቀዝ የበላው ነው፣ ቆቡን አውልቃችሁ ገልበጥ አርጋችሁ እዩት፣ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ነገር ካለችበት ጣሉት። የቀረውን ውሃ ውስጥ ጨምሩት፣ የሚንሳፈፈው ባዶ ነው፣ የሚሰምጠውን ያዙ። እንደ ባቄላ አድርቄ ለከርሞ አስቀምጠዋለሁ እንዳትሉ፣ የኦክ ፍሬ ከደረቀ ሞተ ማለት ነው።

አይነቱንም ለዩ። ቅጠሉ ዳር ዳሩ ክብ ክብ ያለው ነጭ ኦክ ነው፣ እሱ እንደወደቀ በመከር ወራት ስር ያወጣል፣ ቡቃያው ግን እስከ ጸደይ ይጠብቃል፣ ስለዚህ ወዲያው ዝሩት። የቅጠሉ ጫፍ ላይ እንደ ጸጉር የቀጠነ ሹል ነገር ያለው ከቀይ ኦክ ወገን ነው፣ የሱ ፍሬ ዛፉ ላይ ለመብሰል ሁለት አመት ይፈጅበታል፣ ለመብቀል ደግሞ ብርድ ይፈልጋል። በእርጥብ ሞስ (እንደ ስፖንጅ ውሃ የሚይዝ ለስላሳ እጽ) ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ አርጋችሁ ፍሪጅ (ፍሪዘር አላልኩም) ሁለት ሶስት ወር አቆዩት። ለቦንሳይ እኔ የምመርጠው እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ መንገድ ዳር የሞላውን ዊሎው ኦክ ነው፣ ቅጠሉ ቀጭን ስለሆነ ትንሽ ዛፍ ላይ ያምራል፣ የነጭ ኦክ ቅጠል ግን መዳፍ ስለሚያክል ማሳነሱ አድካሚ ነው።

አሁን ወደ ስሩ ልምጣ። ኦክ ሲበቅል መጀመሪያ የሚልከው አንድ ወፍራም ስር ነው፣ ቀጥ ብሎ ቁልቁል፣ ምግቡ ፍሬው ውስጥ ስላለ ቅጠል ሳያወጣ ውሃ ፍለጋ ይወርዳል። ጫካ ውስጥ ይሄ ህይወቱን ያተርፍለታል፣ ለቦንሳይ ግን ችግር ነው። እኔ ስድስት አመት ጥልቅ ፖት ውስጥ ያሳደግኳት ዊሎው ኦክ ነበረችኝ፣ ግንዷ ደልደል ያለ፣ ቅርንጫፏ ሲያዩት ደስ የሚል፣ አንድ የመጋቢት ጠዋት ከፖቷ ሳወጣት ስሯ አንድ ብቻ ሆኖ አገኘሁት፣ እንደ ካሮት ወርዶ ታች ሲደርስ እንደ ገመድ ተጠምጥሟል፣ ከላይ በኩል ደግሞ ክር የምታክል የጎን ስር እንኳን የላትም። የቦንሳይ ሳህን ውስጥ ለማስገባት መቁረጥ ግድ ነበር፣ ቆረጥኩ፣ ቡቃያዋ ሳይፈነዳ ደረቀች። ያ ፖት ባዶውን በረንዳዬ ላይ ብዙ ጊዜ ቆየ፣ ማንሳት ከብዶኝ።

ከዛ በኋላ እንዲህ ነው የማደርገው። ከፍሬው የወጣው ስር ርዝመቱ ጣት ሲያክል በንጹህ መቀስ ሁለት ሶስት ሳንቲሜትር ትቼ ጫፉን እቆርጣለሁ፣ ፍሬውን በጎኑ አስተኝቼ ጥልቀት ሳላበዛ እቀብረዋለሁ፣ ስኩዊረል እንዳያወጣው ወንፊት ሽቦ እከድንበታለሁ። የተቆረጠው ስር ብዙ ሆኖ ይወጣል። በቀጣዩ ጸደይ ቡቃያው ሳያብጥ አውጥቼ ቁልቁል የወረደውን አሳጥራለሁ፣ ወደ ጎን የሄደውን አተርፋለሁ፣ ስሩ እንዲዘረጋ ከስሩ ስር ጠፍጣፋ የወለል ሸክላ አስቀምጬ መልሼ እተክለዋለሁ።

ከዚህ በኋላ ቶሎ ወደ ሳህን አትሩጡ። መሬት ካላችሁ መሬት ላይ ትከሉት፣ አምስት አመትም አስር አመትም ይቆይ፣ ግንድ የሚወፍረው እዛ ነው። አፓርትመንት የምትኖሩ በረንዳ ላይ ሰፊ ፖት ይበቃችኋል፣ ሳሎን ውስጥ ግን በጭራሽ፣ ኦክ የብርድ ወራት እንቅልፉን ካላገኘ አይኖርም። ብርዱ ሲከፋ ፖቱን መሬት ላይ አውርዳችሁ በቅጠል ሸፍኑት፣ ቀድሞ የሚጎዳው ስሩ ነውና።

ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ናሽናል አርቦሬተም (የመንግስት የዛፎች መናፈሻ) ውስጥ ያለውን የቦንሳይ ሙዚየም ሂዱና እዩ፣ መግቢያው በነጻ ነው። ጃፓኖች በ1976 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) የሰጧቸው 53 ቦንሳዮች ናቸው ጅማሬው፣ ከነሱ አንዱ ከ1625 ጀምሮ በሰው እጅ ያደገ ጥድ ነው፣ የያማኪ ቤተሰብ ዛፍ፣ ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ሲወድቅ እዛው ግቢያቸው ነበር። የሙዚየሙ ሰዎች ይሄን ያወቁት በ2001 የያማኪ የልጅ ልጆች ዛፉን ሊያዩ ሲመጡ ነው። እኔ ስሄድ ጎንበስ ብዬ የማየው ግንዱ ከአፈሩ የሚወጣበትን ቦታ ነው፣ እናንተም እሱን እዩ።

ዘንድሮ ስትለቅሙ ከሁለት ሶስት ዛፍ ስር ልቀሙ፣ አስር አስራ አምስት ዝሩ፣ ሁሉም አይበቅልምና። ፌስታሉ ላይም ቀኑንና የዛፉን አይነት በማርከር ጻፉበት፣ የካቲት ላይ ፍሪጁን ስትከፍቱ የቱ የቱ እንደሆነ ይጠፋባችኋል።