ናሮውቦት ልትገዢ ላሰብሽው እህቴ፦ ከጀልባው በፊት አድራሻሽን ጨርሺ

እህቴ፣ «የለንደን ቤት ኪራይ አንገሽግሾኛል፤ ናሮውቦት ገዝቼ ካናል ላይ ልኑር ብያለሁ፤ የሞከራችሁ ምከሩኝ» ብለሽ የጻፍሽውን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው እዚያው ካናል ላይ፣ በናሮውቦት ነው፤ ረዥምና ጠባብ የብረት ጀልባ ማለት ነው። አንቺም እንደኛ ቋሚ የጀልባ ማሰሪያ ቦታ ሳትይዢ ነው የምትገቢው ብዬ ልመልስልሽ፤ ለንደን ውስጥ የቋሚ ቦታ ኪራይ የሸሸሽውን ኪራይ ነው የሚያስታውስሽ።

1ኛ፦ ሻጩ የሚያሳይሽን የምርመራ ወረቀት አትመኚ። የራስሽን ሰርቬየር (የጀልባ መርማሪ) ቅጠሪ፣ ጀልባውም ከውሃ ወጥቶ ይታይ። ሲሠራ በአብዛኛው ወለሉ 10፣ ጎኑ 6፣ ጣሪያው 4 ሚሊሜትር ብረት ነው፤ ዝገት ግን ይበላዋል። መጀመሪያ ያየነው ጀልባ ውስጡ ያብረቀርቃል፣ ሻጩም «ቅርብ ጊዜ ነው የተመረመረው» ብሎ ማለልን። የኛ ሰው በመዶሻ እየቆረቆረ፣ በመለኪያው እየለካ ሲሄድ የውሃው ልክ ጋ ሲደርስ 3 ሚሊሜትር የቀረው ቦታ አገኘ። ብዙ ኢንሹራንሶች ከ4 በታች ሲሆን አይቀበሉም። ጥለነው ሄድን። ለምርመራው የከፈልነው ገንዘብ እስከ ዛሬ አልቆጨኝም።

2ኛ፦ ቋሚ ቦታ የሌለው ሰው በ1995ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕግ አንድ ሥፍራ ከ14 ቀን በላይ መቆም አይችልም። ካናሎቹን የሚያስተዳድረው የካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት ሠራተኞች እየዞሩ የጀልባሽን ቁጥር ይመዘግባሉ። ሁለት ድልድይ መሐል መመላለስም አያዋጣም፤ በጀልባ ፈቃድሽ (ላይሰንስ) ዘመን የተንቀሳቀስሽበት ክልል 20 ማይል ካልሞላ አልተጓዝሽም ይሉሻል። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ እንደኛ ላለው ላይሰንሱ ላይ ጭማሪ አለ። ለጀማሪ ለንደን ውስጥ ከሊትል ቬኒስ እስከ ቡልስ ብሪጅ ያለው መስመር ጥሩ ነው፤ ከ13 ማይል በላይ ሆኖ አንድም ሎክ (ጀልባን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ባለ በር የውሃ ክፍል) የለውም። ሎክ ውስጥ ወደ ታች ስትወርጂ ግን የጀልባሽን ኋላ ከላይኛው በር አርቂ። በሩ ሥር የሲሚንቶ ደፍ አለ፤ ውሃው ሲጎድል ኋላው እሱ ላይ ከተቀመጠ ጀልባው በአፍንጫው ይሰምጣል።

3ኛ፦ አድራሻ። ጊዜ ካጣሽ ሌላውን ተይና ይህን አንብቢ። ባንክ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የሆስፒታል ቀጠሮ፣ ሁሉም የቤት ቁጥርና ፖስትኮድ ይላል። እኔ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሆኜ ጂፒ (የሰፈር ሐኪም ክሊኒክ) ልመዘገብ ሄድኩ። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ሴት የጀልባዬን ላይሰንስ በሁለት ጣቷ ይዛ ገለበጠችውና፣ ወረፋው ሁሉ እየሰማ «ይሄ አድራሻ አይደለም፤ ቤት ስታገኚ ተመለሺ» አለችኝ። ሆዴን እያየች! እኔ የሰው አገር ሰው ስለሆንኩ መብቴን የማላውቅ መስሏት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ግን ጂፒ ለመመዝገብ የአድራሻ ማስረጃ ግዴታ አይደለም፤ ቋሚ አድራሻ የሌለውን ሰው በራሱ በክሊኒኩ አድራሻ መመዝገብ ይቻላል። የኤንኤችኤስን (የመንግሥት ጤና አገልግሎቱን) መመሪያ አሳትሜ፣ ያንን መስመር አስምሬበት በማግስቱ ተመለስኩ። እሷን አላናገርኩም፤ ማናጀሯን ጥሩልኝ አልኩ። ማናጀሯ አንብባ ቅጹን ራሷ ሞላችልኝ። አሁንም ያቺን ወረቀት ከፓስፖርቴ ጋር ነው የማስቀምጣት። የመጀመሪያው ቀን ግን አንጀቴ እያረረ ነው የወጣሁት፤ አማርኛ እንጂ እንግሊዝኛ የማትችል እናት ብትሆን ኖሮ ምን ትሆን ነበር?

ስለዚህ የምታምኚው ዘመድ ካለሽ ሳትገዢ በፊት ፖስታሽ በሱ ቤት እንዲገባ ፈቃዱን ጠይቂ፣ ባንክሽንም ገና የቤት አድራሻ እያለሽ አስተካክዪ። ለምርጫ መመዝገብም ቋሚ አድራሻ ለሌለው ሰው ለብቻው ቅጽ አለው።

4ኛ፦ ምግብ። የኤሌክትሪክ ምጣድሽን ሽጪው፤ ከባትሪ አይሠራም። እኔ በጋዝ ምድጃ ላይ በሰፊ መጥበሻ ነው የምጋግረው፤ አነስ ትላለች እንጂ ዓይኗ ሙሉ ነው። በብርዱ ወራት ሊጡ አልቦካ ሲለኝ፣ ሞተሩ የሚያሞቀው የውሃ በርሜል ያለበት ቁምሣጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ጀልባውን ባንቀሳቀስንበት ቀን ማታ ላይ ኩፍ ብሎ አገኘዋለሁ። እንግሊዛውያን ጎረቤቶቻችን እንኳ አሁን ቀኑን ጠብቀው ይመጣሉ።

ቡና በጋዝ አፍዪ። ከሰል ግን ጀልባ ውስጥ በፍጹም! የማሞቂያ ምድጃው ጭስ ማውጫ አለው፤ የከሰል ማንደጃ የለውም፤ ቤቱ ደግሞ ወርዱ ሁለት ሜትር ብቻ ነው። የከሰል ጭስ አገር ቤት ስንቱን ቤተሰብ ተኝቶ እንዳስቀረ ታውቂያለሽ። የካርቦን ሞኖክሳይድ (ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ) ማስጠንቀቂያ መሣሪያም ከ2019 ጀምሮ ግዴታ ነው፤ ሁለት ግዢ፣ አንዱን መኝታሽ አጠገብ ስቀዪ።

ከመወሰንሽ በፊት ደግሞ ለአንድ ሳምንት ጀልባ ተከራዪ፤ በሐምሌ ሳይሆን በየካቲት፣ ሶላሩ ምንም ሳይሰጥሽ፣ መስኮቱ ላብ ሲያንጠባጥብና የሽንት ቤቱን ካሴት (ተነቃይ የቆሻሻ ሳጥን) ተሸክመሽ በጭቃ ስትሄጂ እዪው። የቶተንሃም አካባቢ ልጅ ከሆንሽ በኢንቦክስ ጻፊልኝ፤ የኛን ጀልባ ገብተሽ ትመለከቻለሽ፣ የጂፒውን መመሪያም ኮፒ እሰጥሻለሁ።