መልስ፦ የዛገ አሮጌ ተጣጣፊ ምላጭ በማሽን ይወልወል?

ጤና ይስጥልኝ። በውርስ ያገኙት ተጣጣፊ ምላጭ (እጀታው ውስጥ የሚታጠፍ የጢም መላጫ) ዝገት በኤሌክትሪክ መሞረጃ ቢወለወል ይጎዳ እንደሆነ ጠይቀዋል። እባክዎ ማሽን አያስነኩት፤ አፉ እጅግ ስስ በመሆኑ በሰበቃ ወዲያው ይግላል፣ አንዴ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ደግሞ ብረቱ ጥንካሬውን ስለሚያጣ ስለት አይይዝም።

አስቀድመው በአጉሊ መነጽር ይመርምሩት። በጎኑ ላይ የቀረ ጥቁር ነጠብጣብ መልኩን እንጂ አገልግሎቱን አይጎዳም (እኔ እንዲያውም እንዳለ እተወዋለሁ)፤ አፉ ላይ ስንጥቅ ካለ ግን ለመላጨት አይሆንም። የላይ ላዩን ዝገት ዘይት በነካው ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በእጅዎ ያንሱ፤ የሠሪው ማኅተም ያለበትን የብረቱን ጭራ (ከስለቱ ወደ እጀታው የሚቀጥለውን ክፍል) ግን፣ ዕድሜውንና ምንጩን የሚናገረው እሱ ስለሆነ፣ አይፈግፍጉት። እጀታው ሴሉሎይድ (የጥንት ፕላስቲክ ዓይነት) ከሆነና መበስበስ ከጀመረ፣ የሚያወጣው አሲዳማ ጋዝ ብረቱን መልሶ ስለሚያዝገው ሊለወጥ ይገባል።

ሲስሉት ጀርባውና አፉ ባንድነት ድንጋዩ ላይ ይተኙ፤ የስለቱን አንግል የሚወስነው የጀርባው ውፍረት ነውና። ከ1000 ቁጥር ድንጋይ ወደ 4000፣ ከዚያ ወደ 8000 ይሂዱ (ቁጥሩ ከፍ ሲል ድንጋዩ ይበልጥ ደቃቅ ነው)፤ በመጨረሻም ጀርባውን ከፊት፣ አፉን ከኋላ አድርገው በቆዳ ጠፍር ላይ ይጎትቱት።