ስልኩ 6.4 ይላል፣ ማደያው 10 ይላል

ጥያቄው ባጭሩ ይኸው፦ «ጋሼ፣ ከአውሮፓ የገባች የ2006 ሆንዳ ጃዝ አለችኝ። ሞተሯ 1.3 ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ነው የምሠራባት። የብሉቱዝ ኦቢዲ (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሰኪያ) ገዝቼ ስልኬ ላይ ቶርክ የሚባለውን አፕ ጫንኩ። አፑ በ100 ኪሎ ሜትር 6.4 ሊትር ይለኛል። ማደያ ስሞላ ግን 10 ይመጣል። ደግሞ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፍ ብቻ ስከፍት የማኒፎልዱ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት ቱቦ) ግፊት 77 ያሳያል። 100 መሆን አለበት፣ ሴንሰሩን ቀይር አሉኝ። ማንን ልመን?» የአፑን ገጽ ፎቶ አንስቶ ልኮልኛል።

ወንድሜ፣ ማደያውን እመን። ማደያም ያታልላል ትለኝ ይሆናል። ቢያታልልም ብር የምትከፍለው ለእሱ ነው።

መጀመሪያ ግን ኪስህን ላድንልህ፦ ሴንሰሩን አትግዛ። 100 የሚመጣው ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳስቷል። ሞተር ሳይነሳ ይህን ግፊት የሚለካው ማፕ ሴንሰር የሚያነበው የውጭውን አየር ስለሆነ 76 ወይም 77 ኪሎፓስካል ትክክለኛው ቁጥር ነው። አዳማ ስትወርድ እዚያው ሞክረው፣ 82 አካባቢ ይሆናል። ቁጥሩ ከቦታው ጋር ከተንቀሳቀሰ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። 100 ቢያሳይህ ነበር የምጠራጠረው።

አሁን ወደ ነዳጁ። ብዙ ሰው አፑ ቤንዚን የሚለካ ይመስለዋል። አይለካም። የሚያውቀው አየር ነው። ሞተሩ ይህን ያህል አየር ሳበ፣ ለ14.7 ግራም አየር 1 ግራም ቤንዚን ይሄዳል ብሎ ያሰላል። አንዳንድ መኪና አየሩን በቀጥታ የሚለካ ኤር ፍሎ ሴንሰር አለው። የአንተ የለውም፤ ለዚህ ነው ገጽህ ላይ ያ ቦታ ባዶ የሆነው። ስለዚህ አፑ ከማኒፎልዱ ግፊት፣ ከአየሩ ሙቀት፣ ከሞተሩ ዙርና ከሞተሩ መጠን ተነስቶ ይገምታል።

የሞተሩን መጠን ደግሞ የሚነግረው ሰው ነው። ፎቶህን አጉልቼ አየሁት። የመኪናው መረጃ የሚሞላበት ቪሂክል ፕሮፋይል ላይ 1.0 ተጽፏል! 1.3 አድርገው። 6.4ን በ1.3 ስታባዛው 8.3 ይመጣል። ግማሽ መንገድ ሄድን ማለት ነው።

ከ8.3 እስከ 10 ያለው ግን የስልኩ ጥፋት ብቻ አይመስለኝም። እዚያው ፎቶ ላይ የውሃው ሙቀት 62 ነው። ከተነሳህ ስንት ደቂቃ ሆኖህ ነበር? ግማሽ ሰዓት ነድተህ ከሆነ ቴርሞስታትህ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው) ወይ ክፍት ሆኖ ቀርቷል፣ ወይ ጭራሽ የለም። ይህ የኛ ጋራዥ የቆየ አመል ነው። መኪና አንዴ ሞቀ ሲባል ቴርሞስታቱን አውጥተው ይጥሉታል፣ «አገሩ ሞቃት ነው አያስፈልግም» እያሉ። የአዲስ አበባ ጠዋት ምኑ ነው የሚሞቀው?

የሞቀ ሞተር 80 አልፎ 90 አካባቢ መርጋት አለበት። ካልሞቀ ኮምፒውተሩ ገና ጠዋት የተነሳ እየመሰለው ቤንዚን ይጨምራል፣ ዘይቱም ወፍራም ሆኖ ሞተሩን ይከብደዋል። አፑ ግን ያችኑ 14.7 ይዞ ያሰላል፤ የተጨመረውን አያይም። የአንተዋ ጃዝ ደግሞ የሙቀት ጌጅ እንኳን የላትም። ስትቀዘቅዝ ሰማያዊ መብራት፣ ከመጠን በላይ ስትሞቅ ቀይ። መሀል ላይ ያለውን ዳሽቦርዱ አይነግርህም። ኦቢዲውን ለዚህ ብቻ ብትገዛውም ገንዘብህ አልባከነም።

ሌላ ሁለት ነገር እይልኝ። አንደኛው ፊውል ስታተስ የሚለው ነው። ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ እያለ «ክሎዝድ ሉፕ» ማለት አለበት። «ኦፕን ሉፕ» ላይ ከቀረ ኮምፒውተሩ ጭሱን የሚለካውን የኦክስጅን ሴንሰር እየሰማ አይደለም። ሁለተኛው ሎንግ ተርም ፊውል ትሪም ነው፤ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ያሳያል። ከዜሮ 10 ወደ ላይም ወደ ታችም ካለፈ ምክንያት አለው። ወደ ታች ሲሄድ ኮምፒውተሩ ቤንዚን በዛብኝ ብሎ እየቀነሰ ነው፤ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር (ቤንዚን የሚረጨው) ካለ እዚህ ይታያል። እየነዳህ ስልክ ላይ አታፍጥ፤ አፑ ይመዘግብልሃል፣ ስትቆም ታየዋለህ።

ቴርሞስታቱ ከተገጠመ በኋላ አፑን ከማደያው ጋር አስማማው። ከዚያ በፊት ከሆነ በሽታውን በሂሳብ መሸፈን ነው። አንድ ማደያ፣ አንድ ፓምፕ ምረጥ። ሙላልኝ በል፣ ፓምፑ ራሱ ቀጭ ብሎ ሲያቆም በቃ፤ አስተናጋጁ ጠብታ እንዳይጨምር። ቢያንስ 300 ኪሎ ሜትር ንዳ፣ ያው ቦታ ተመልሰህ በዚያው መንገድ ሙላ። የገባውን ሊትር በኪሎ ሜትሩ አካፍለህ በ100 አባዛው። አፑ አሁንም ዝቅ ካለ ቮልሜትሪክ ኢፊሸንሲ (ሞተሩ ከመጠኑ ስንት በመቶውን በአየር እንደሚሞላ) የሚለውን ቁጥር በዚያው መጠን ከፍ አድርግ።

ማታ ማታ ኦቢዲውን ንቀል። ትንሽም ብትሆን ባትሪ ይበላል፣ በተለይ መኪናው ቀናት ከቆመ።

መካኒክህ ቴርሞስታቱን ሲገጥም አሮጌው ወጥቶ ከነበረ ከመጀመሪያው ለምን እንደወጣ ጠይቀው። ራዲያተሩ ተደፍኖ ወይም ፋኑ አልነሳ ብሎ ሊሆን ይችላል። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የውሃውን ሙቀት በትልቁ አድርገህ ስልኩ ላይ አውጣው። 105 ከደረሰ ጥግ ያዝና ሞተሩን አጥፋ፤ ሳይቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን አትክፈት።