መልስ፦ ልጄን ኤምአርአይ ላስነሳው ወይ?
እህቴ፣ ኦቲዝም አለበት የተባለ ልጅሽን በቡናው ገንዘብ ከጅማ አዲስ አበባ ወስደሽ ኤምአርአይ (የአንጎልን ምስል በማሽን ማንሳት) ላስነሳው ወይ ብለሻል። «የአንጎሉ ሽቦ ተበጥሷል» ያለሽን ሰው ተይው። የተበጠሰ ነገር የለም።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች በኤምአርአይ ሲታዩ፣ በአንጎል ክፍሎች መካከል ያለው ግንኙነት ላላ ይላል አለ። በ2013 ደግሞ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ከሌሎች ልጆች የጠነከረ ግንኙነት አገኙ። በዚያ ላይ ልጁ ማሽኑ ውስጥ ጭንቅላቱን ትንሽ ካነቃነቀ ልኬቱ ይዛባል። (ዝም ብሎ የሚተኛው የትኛው ልጅ ነው?)

ስለዚህ ኦቲዝም የሚለየው በኤምአርአይ ሳይሆን ልጁን በማየትና ወላጅን በመጠየቅ ነው። መጀመሪያ እዚያው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አሳዪው። ሲጠሩት ዞር የማይል ከሆነ ጆሮውንም አስመርምሪ። የሚጥል በሽታ ካለበት ግን ለሐኪሙ ንገሪ፤ ያኔ ኤምአርአይ ሊታዘዝለት ይችላል።